አረንጓዴው ሽቦ

የክሊኒኩ ቴክኒሺያን ኪዳነወልድ ራጅ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል። ማሽኑ ግን ምንም ያልነካው መስሎ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ማሩን በስልክ ያስጠራው የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ወልደኢየሱስ ነው፤ የልጅነት ጓደኛው። ማሩ ሲደርስ በር ላይ ጠብቆ አቀፈው።

«እንኳን አንተ መጣህልኝ! ይኼ ኤሌክትሪሽያን ጉድ ሠራኝ።»

ማሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አጽናናው። ኤሌክትሪሽያኑ ጃቢር በካቴና ታስሮ ጥግ ተቀምጧል፤ ፖሊሶቹ ይዘውት ለመሄድ የማሩን ቃል ብቻ ይጠብቃሉ።

«አያ ማሩ፣ በአላህ ይስሙኝ! ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ያፈሳል። ለዚህ ብዬ ነው ኧርዙን፣ የመሬት ሽቦውን፣ ጓሮ በገዛ እጄ የቀበርኩት። የፈሰሰው በዚያ ሽቦ አፈር ይገባል እንጂ ሰው አይነካም።»

«ታዲያ ዛሬ ምነው ነካ?»

«እሱ እኮ ነው የጨነቀኝ!»

ነርሷ ሪሃና ዓይኗ አብጧል።

«ኪዳነወልድ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥቶ የሽቦውን ጉድጓድ ከፍቶ ሳያይ ማሽን አይነካም። ‹እጮኛህን አየሃት?› እያልን እንስቅበት ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አይቷል። ‹ሸጋ ናት› ብሎኝ ገባ።» እንባዋ መጣ።

«በመለኪያ አይለካም?»

«ይለካ ነበር። መለኪያው ለጥገና ተብሎ ከወጣ ሰነበተ። እሱማ ማሽኑ ካልተቀየረ ለጤና ቢሮ እናገራለሁ እያለ ነበር።»

ማሩ ጓሮ ሄዶ የጉድጓዱን ክዳን አነሳ። አረንጓዴው ሽቦ ከዘንጉ ጋር ጥብቅ ብሎ ታስሯል። በጣቱ እየዳሰሰ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ እንደ ባዶ ቱቦ ጭፍልቅ አለበት። መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ሲነሳ ፊቱ ጠቁሯል።

ሁሉንም ራጅ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ጃቢርን ፍቱት።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ወልደኢየሱስ።

«ሽቦው ላዩ እንጂ ውስጡ የለም። አንድ ሰው ሽፋኑን ሰንጥቆ መዳቡን ቆርጦ አወጣና መልሶ ሰፋው። ዝም ብሎ ቢቆርጠው ኪዳነወልድ ያይበታል፤ ስለዚህ ደህና መምሰል ነበረበት። መለኪያ ካለ ደግሞ ዓይን የሳተውን ያገኘዋል፤ ስለዚህ መለኪያው አስቀድሞ ወጣ። ሪሃና፣ ማን ወሰደው?»

«ዶክተር ናቸው።»

«ለጥገና ነዋ!» አለ ወልደኢየሱስ። «ሽቦ መቁረጥ የኤሌክትሪሽያን ሙያ አይደለም እንዴ?»

«ኤሌክትሪሽያን ቢሆን ናስትሮ ይጠቀልልበታል። ይኼ ግን በቁስል ክር ነው የተሰፋው። እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ተቋጥሮ ተቆርጧል፤ ቋጠሮው እንዳይላላ መጀመሪያው ሁለቴ ተጠምዟል። እዚህ ቤት ቁስል የሚሰፋ ማነው?»

ሪሃና አንገቷን ደፋች። «እሳቸው ብቻ።»

«እጅህ ለምዶ ነው» አለ ማሩ፤ «ለሽቦውም እንደ ሰው ገላ ተጠነቀቅክለት።»

ወልደኢየሱስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ቢናገር ክሊኒኩን ይዘጉብኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የደከምኩበት ነው።»

«መርማሪ ሞልቶ እኔን ለምን ጠራህ?»



«አንተ እኔን አትጠረጥርማ።»

«አልተሳሳትክም» አለ ማሩ ቀስ ብሎ። «ሬሳው አጠገብ ቆሜ የማጽናናው አንተን ነበር።»

ፖሊሶቹ ብብቱን ይዘው አስነሱት። በሩ ጋ ሲደርስ «ወንድሜ!» ብሎ ተጣራ። ማሩ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ወደ ኪዳነወልድ ጎንበስ ብሎ ዓይኖቹን ከደነለት።