በመስታወቱ ላይ ያለፈው ነጭ መስመር

ሰው በሠርግ ቤት ይተያያል፣ በአውቶቡስ ወረፋ ላይ ይተያያል። እነዚህ ሁለቱ ግን የተያዩት አንዲት ሴት ሞታለች ወይስ አልሞተችም በሚል ክርክር ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ጭራሽ ኖራ አታውቅም፤ የፊልም ሰው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌው ሲኒማ ቤት፣ ከማሳያው ማሽን አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ፊልም ጠጋኝ ትሠራ ነበር። የተበጠሰውን ትቀጥላለች፣ የቆሸሸውን ትጠርጋለች፣ የተጨማደደውን ታቃናለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። እሳቸው እዚያው ዕድሜ ልካቸውን ፊልም ሲያሳዩ ኖረዋል። ጡረታ የወጣው ስማቸው እንጂ እግራቸው አይደለም፤ ዛሬም በየቀኑ ይመጣሉ።

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥቁርና ነጭ አስፈሪ ፊልም ይታያል። እውነተኛ ስሙ ፊልሙ ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ላይ ተፍቆ ስለጠፋ ሁሉም «በሩ» ይሉታል። ባሏን የቀበረች ሴት ብቻዋን ትኖራለች። በየማለዳው በሯ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፤ እሷም አትከፍትም። በመጨረሻው ማለዳ ግን ትነሣለች፣ በሩ አጠገብ በተሰቀለው መስታወት ፊቷን ታያለች፣ እጇን መቀርቀሪያው ላይ ታሳርፋለች፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል። ከዚያ ጨለማ ነው። አለቀ።

ማነው ያንኳኳው? ይህ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘም። ፊልሙ ባለቀ ቁጥር ተመልካቹ አይበተንም፤ እንደተቀመጠ ይከራከራል። ጡረታ የወጡት የታሪክ አስተማሪዋ «ባሏ ነው፤ ሳይሞት ነው የቀበሩት» ይላሉ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ደግሞ «ሞት ነው እንጂ! ባል ቢሆንማ መቼ አንኳኩቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል?» እያለ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰዋል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ አንድ ወጣት በጠጋኟ ክፍል በር አንገቱን አስገባ። መንገዱን ተሻግሮ ባለው ሱቅ ውስጥ መነጽር የሚሠራ ነው፤ በመልክ ታውቀዋለች።

«ይቅርታ፤ የ‹በሩ›ን መጨረሻ በእጄ ይዤ ባየው ቅር ይልሻል?»

«በእጅ አይነካም። ለምን ፈለግኸው?»

«መስታወቱ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ። አራት ጊዜ ገባሁ፣ አራቱንም ጊዜ አየሁት።» የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቀርቀሪያው ቀጭ እንዳለ በመስታወቱ ላይ ነጭ መስመር ሽው ብሎ ያልፋል። ነፍሷ ናት! የሞተው ባሏ አይደለም፤ የሞተችው እሷ ናት!»

ያን ፊልም አባቷ ለሌላ ሰው እጅ አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም ነበር፤ ያን ሳምንት ግን ጉንፋን አስተኝቷቸዋል። ጠጋኟ ጥቅሉን አወጣች፣ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛዋ ላይ መጨረሻውን ዘረጋች፣ አጉሊ መነጽሯን አስጠጋች። አንድ ጊዜ ማየት በቃት። ነፍስ አልነበረም፤ ሙጫ ነበር። ፊልሙ እዚህ ላይ ተቆርጦ ከባዶ ጥቁር ፊልም ጋር ተቀጥሏል፤ ሙጫውም ከመጋጠሚያው አልፎ ፈስሷል። እንዲህ አድርጎ ሙጫ የሚያበዛ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ታውቃለች፤ አባቷን።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ልጁ ግን ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃታል። ለማወቅ እንዲህ የጓጓ ፊት አይታ አታውቅም። ብትነግረው ጉጉቱ ያልቃል፤ ጉጉቱ ካለቀ ደግሞ ወደዚህ ክፍል ምን ያመጣዋል?

«እስቲ ቀጥል» አለችው። «እሷ ከሞተች የሚያንኳኳው ማነው?»

እሱም ቀጠለ። በዚያች «ቀጥል» ምክንያት የመጣባትን ጣጣ ቀጥሎ እንሰማለን።

አባቷ ከጉንፋኑ ሲነሡ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ኩም አሉ፤ ቀጥሎ አለቀሱ ማለት ይቻላል።

«ገና በመጀመሪያው ምሽት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ማሽኑ በላብኝ ልጄ» አሉ። «ከተበጠሰበት ወዲያ ያለውን ቆርጬ አስቀመጥሁና መጨረሻውን ለቀጣዩ ቀን በጥቁር ዘጋሁት። እቀጥለዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ሰዉ ሲከራከር፣ በሳምንቱ ጓደኛውን ይዞ ሲመጣ... ምን ብዬ ልናገር? ዝም አይነቅዝም።»

«የቆረጥከውስ የት አለ?»

ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ። «ልታዪው ነው?»

እጇን ሰደደችና መለሰችው። ማየት አልፈለገችም ብላችሁ አታስቡ። ግን መነጽር ሠሪው ሳያይ ማየት እንደ ክህደት ታያት። ገና ስሟን እንኳ በቅጡ ላልጠራ ሰው!

ከዚያ ወዲያ ሰባት ወር አለፈ። መነጽር ሠሪው ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን ረቡዕም የሚመጣበት ሰበብ አላጣም። አንድ ቀን ስትቀጥል ዓይኗን እንደምታጨነቁር አይቶ ለቅርብ ሥራ የሚሆን መነጽር ሠራላት። ሲያደርግላት ጣቶቹ ጆሮዋ ላይ ትንሽ ቆዩ። እሷም ቀና ብላ አየችው።

«አሁን በደንብ ትታየኛለህ።»

«ታዲያ ምን ይታይሻል?»

«የሞተች ሴት ነፍስ የሚያሳድድ ሰው።»

ሳቀ። መላምቱ ግን እያደገ ሄዶ አርባ ገጽ ሆኗል። አንድ ረቡዕ እየሮጠ ገባ። የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች የዓመቱን ጉባኤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሊያደርጉ ነው፤ ከሌላ ከተማ የፊልም ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ እሱ ደግሞ የነጩን መስመር ምሥጢር እንዲያቀርብ ተጋብዟል።

ጠጋኟ ልቧ ከዳት። ከሚመጡት መካከል ሙጫና ነፍስ የሚለይ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሊሳቅበት ነው።

«ዝም ነቅዟል አባዬ» አለች ያን ቀን። «ልነግረው ነው።»

«ከነገርሽው ሲኒማውም፣ እኔም፣ ልጁም...» ብለው አልጨረሱትም።

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ ጠራችው። ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አጉሊ መነጽሩን ሰጠችው። ዕድሜውን በመስታወትና በብርሃን የኖረ ሰው ነውና ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ።

«ሙጫ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሙጫ ነው። የቆረጠው አባቴ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «የመጀመሪያው ቀን።»

ቀና ብሎ አያት። ጮሆ ቢናገራት በቀለላት ነበር። «ሰባት ወር» አለ በቀስታ፤ አጉሊ መነጽሩን በጥንቃቄ አስቀምጦ ወጣ። ረቡዕ አልመጣም። ቀጣዩም ረቡዕ ባዶውን አለፈ። ከመንገዱ ማዶ የሱቁ መብራት ሲበራና ሲጠፋ እያየች ሥራዋን ሠራች፤ አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ገልብጣ ቀጠለች፤ በሕይወቷ ሆኖ የማያውቅ ስሕተት ነበር።

የጉባኤው ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ፊልሙ ታየ፣ መብራት በራ፣ መነጽር ሠሪው ወደ መድረኩ ወጣ። አርባ ገጹን አልያዘም።

«ስለ ነጩ መስመር ልናገር ነበር የመጣሁት» አለ። «ተሳስቻለሁ። ሙጫ ነው። ፊልሙ በሆነ ጊዜ ተቆርጧል። ማን እንደቆረጠው አላውቅም፤ ፊልም ደግሞ ይበጠሳል፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጠጋኟ ከኋላ ቆማ ዓይኗ እንባ ሞላ። እያወቀ ነው አላውቅም ያለው፤ አባቷን እየሸፈነላት ነው።

ያን ጊዜ ከጎኗ አንድ ወንበር ተንቋቋ። አባቷ ተነሥተዋል።

«እኔ ነኝ የቆረጥሁት» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ደበቅኋችሁ። ይኸው ቀሪው።» ከኮታቸው ሥር የብስኩቱን ቆርቆሮ አወጡ።

ጫጫታው ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ጠጋኟ ቆርቆሮውን ተቀበለች። «ሃያ ደቂቃ ስጡኝ» ብላ ደረጃውን ሮጠች። ጥቁሩን ቆርጣ ጣለች፣ ጠርዞቹን ፋቀች፣ ሙጫውን በስሱ ቀባች፣ ተጭና እየቆጠረች ጠበቀች። ፊልሙ ላይ ያለውን ሥዕል ላለማየት ዓይኗን መጋጠሚያው ላይ ብቻ ተከለች።

መብራት ጠፋ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። መስታወቱ ላይ ምንም አላለፈም። በሩ ተከፈተ፤ ውጭው የማለዳ ጉም ነው፣ ማንም የለም። ሴትዮዋ ደፉን ተሻግራ ወጣች። ዞረች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ከዚያም እጇን አንሥታ፣ በገዛ ራሷ በር ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

አለቀ።

መጀመሪያ የተሰማው የሹፌሩ ድምፅ ነው፤ «ቆይ ቆይ፤ ታዲያ ውስጥ ያለው ማነው?»

«ባሏ ነዋ!» ብለው አስተማሪዋ ብድግ አሉ። «ቤቱ መቃብሩ ነው፤ ግልጽ እኮ ነው!»

«የምን ግልጽ!»

ክርክሩ ካለፈው ሠላሳ ዓመት ይልቅ ብሶ ተቀጣጠለ። አባቷ መሐላቸው ተቀምጠው ግራ ገብቷቸው አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያሉ።

እሷ ፊልሙን እየጠቀለለች ሳለ መነጽር ሠሪው በደረጃው መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ለምን ዝም እንዳልሽ ሦስት መላምት አለኝ» አላት።

«እሺ። አንደኛው?»

«መጨረሻውን አይተሽ በእኔ ሞኝነት ስትስቂ ነበር።»

«ውድቅ ነው። እኔም ዛሬ ገና ነው ያየሁት። አንተ ሳታይ ማየት አልሆነልኝም።»

ይህን ሲሰማ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሁለተኛው፣ አባትሽን ለመጠበቅ» አለ።

«እሱ ግማሽ እውነት ነው። ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውን መናገር ፈራሁ። እሱ ላይ ከተሳሳትኩ እንደ ሙጫው አይቀለኝም።»

ጥቅሉን አስቀመጠችና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «እንግዲያው እኔ ልንገርህ። መጨረሻውን ካወቅህ አትመጣም ብዬ ነው። ወደድኩህ፣ ላጣህ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይህ ነው።»

ከታች ሹፌሩና አስተማሪዋ ይጯጯሃሉ። እዚህ ላይ ግን ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያይተው ቆሙ፤ የሱ ፊት ቀስ እያለ ሲፈታ አየች።

በሩ ላይ አባቷ ብቅ አሉ። ሁለቱን አፈራርቀው አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ አንተ ልጅ፤ እንግዲህ መጨረሻውን አይተኸዋል። ከዛሬ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ልታይ ነው የምትመጣው?»

«ልጅዎን፣ አባባ» አላቸው። «እሷ ከፈቀደች።»

«ፈቅዳለች» አለች ጠጋኟ፣ አባቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ።