በፀሐይ ቀን የጻፍኩት ጉም

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አልክድም... ይሄን ግን አልዋሸሁም።

ጊዜው ወረርሽኙ ሰማዩን ባዶ ያደረገበት ዓመት፣ የወይራ ፍሬ ለቀማ ሰሞን ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ቦታው አንዲት ትንሽ የግሪክ ደሴት ናት። ስሟን አልጠራም። እናቴ አሁንም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ በእኔ የተነሳ አንገቷን እንድትደፋ አልፈልግም።

ስሜ ስትራቶስ ይባላል። የአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ላይ ቁጭ ብዬ አውሮፕላን ማሳረፍ ነው ሥራዬ።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ሐፍረቴ አይገባችሁም።

ጠዋት ጠዋት ለዋናው ቢሮ አንድ ቁጥር እንልካለን። በሰዓት ስንት አውሮፕላን መቀበል እንችላለን የሚል ነው። በደጉ ዘመን አስር እንል ነበር። ከቁጥሩ በላይ የሆነው አውሮፕላን ከሚነሳበት ሜዳ ሳይነቃነቅ ተራውን ይጠብቃል።

በዚያ ዓመት ግን በቀን ሁለት ቢመጣ ነው፣ ቢበዛ ሦስት። ሁለት ደመወዝተኛ ዝንብ እሽ ስንል ነበር የምንውለው። ታዲያ እኔና ባልደረባዬ ፋኒስ ዘዴ ዘየድን። አንዳችን ወይራ ለቀማ እንሄዳለን፣ አንዳችን ማማው ላይ እንቀራለን። ደንቡ ደግሞ ብቻውን ያለ ሰው በሰዓት ከአንድ በላይ እንዳያሳርፍ ይከለክላል። ስለዚህ "አንድ" ብለን እንልካለን።

ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ሰው የለም" ብንል ጉድ ይፈላል። ቢሮው ሰው ሊቀንስ ስም ዝርዝር እያወጣ ነው የሚባልበት ሰሞን ነበር።

ስለዚህ "ጉም" እንል ነበር።

ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ... "ጉም"።

ያን ቀን ወይራ ለቀማው የፋኒስ ተራ ነበር። ፖስታ የሚያመጣው አውሮፕላን ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ ከአቴንስ መንገደኛ የሚያመጣው ደግሞ ስድስት ከሃያ ላይ ይጠበቁ ነበር። ሁለቱም አንድ ሰዓት ውስጥ ተገጣጠሙ። እኔ የጻፍኩት አንድ ነው። የአቴንሱ እዚያው ቁጭ አለ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ይደርሳል ተባለ።

ስልኩ ጮኸ።

የማማውን ስልክ ቁጥር ደሴቱ ላይ ሕፃን አዋቂው በቃሉ ያውቀዋል። ሰው ፓስታውን ድስት ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ይደውልና "አውሮፕላኑ ተነሳ?" ብሎ ይጠይቃል። ልማዳችን ነው።

የደወሉት እማማ ማሪጎ ነበሩ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሳምንት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ የቀራቸው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው ብሎ ተናግሯል። ልጃቸው አርጊሪስ ጀርመን አገር ነው የሚኖረው፤ ሁለት ዓመት አላዩትም። በዚያ አቴንስ ላይ በተቀመጠው አውሮፕላን ውስጥ ነበር።

"ልጄ፣ አርጊሪስ ተነሳ?"

"ትንሽ ይዘገያል እማማ።"

"ለምን?"

"ጉም ነው።"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"ልጄ... አልጋዬ እኮ መስኮቱ ሥር ነው። ፀሐይ ነው የማየው።"

ጆሮዬ ጋለ። የማማው ስልክ ሁሉ እንደሚቀዳ አውቃለሁ። የተናገርኩት ቃል እንዳለ ይቀመጣል።

"ጉሙ እዚህ ሜዳው ላይ ነው እማማ።"

"እንዲያ ከሆነ እሺ" አሉና ዘጉ።

የፖስታው አውሮፕላን መጣ። አብራሪው በሬዲዮ ይስቅብኛል።

"ስትራቶስ! በዚህ ጉም ሜዳውን እንዴት አገኘሁት? ተአምር ነው እኮ!"

"ዝም ብለህ ውረድ!" አልኩት። እሱ ቀልዱ ነበር። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስድስት ሰዓት ከሃያ። ስልኩ ጮኸ።

"እውነትህን ነው ልጄ" አሉ እማማ ማሪጎ። "አሁን አየሁት።"

"ምኑን እማማ?"

"ጉሙን ነዋ። ከታች ከመንገዱ መጥቶ ግቢውን አልፏል።"

አቅርቦ ማሳያ መነጽሩን አነሳሁ። ቤታቸው ከማማው ፊት ለፊት ዳገቱ ላይ ነው። በሩ ይታየኛል። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ በፀሐይ ያብረቀርቃል። አንዲት ድመት ግንቡ ላይ ተዘርግታ ትሞቃለች።

ጉም የለም።

"እማማ... ብቻዎን ነዎት?"

"ጎረቤቴ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ስትወጣ በሩን ዘግታዋለች።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በሩ ላይ ቆሟል።"

ስልኩ ተዘጋ።

ወዲያው ለፋኒስ ደወልኩ።

"ቶሎ ና። ቁጥሩን ወደ ሁለት ላነሳው ነው።"

"ምን ሆነሃል? ከዛፉ ሥር በዘረጋሁት መረብ ሙሉ ወይራ አፍሼ!"

"እማማ ማሪጎ ደህና አይደሉም። ልጃቸው ሳይደርስ..."

"ስማኝ። አሁን ካነሳኸው ጉሙ ምን ዋጠው ይሉሃል። መዝገቡን ያያሉ። አንተም እኔም አለቀልን። አንድ ሰዓት ነው የቀረው፣ አንድ ሰዓት! አሮጊቷ ሰባ ዓመት ሙሉ 'ልሞት ነው' ስትል ነው የኖረችው።"

"ፋኒስ..."

"ወንድ ሁን እንጂ!"

ወንድ ሆንኩ። ይኸውላችሁ ወንድነቴ፦ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።

ስልኩ ጮኸ። እማማ አሁን በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

"ልጄ... ቤት ገብቷል።"

"እማማ፣ ጎረቤትዎን ልጥራልዎት..."

"ቀስ በል። አንተ ስትናገር ነው የሚቀርበው።"

ስልኩን ከአፌ ራቅ አደረግኩ።

"አሁን አልጋው ላይ ነው። ብርድ ነው። ብርድ ብቻ አይደለም... እግሬ አይታየኝም።"

አቅርቦ ማሳያ መነጽሩን በአንድ እጄ ይዣለሁ። ድመቷ ግንቡ ላይ የለችም። መንገዱ ዳር ቆማ፣ ጀርባዋ ተነፍቶ፣ የቤቱን መስኮት ታያለች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ለምኜሃለሁ።"

"ይንገሩኝ።"

"'ጉም የለም' በለኝ። አንተ ነህ ያመጣኸው። 'የለም' ካልክ ይሄዳል።"

ሁለት ቃል ናት። ጉም የለም። ሕፃን ልጅ ይላታል።

የመቅጃው ቀይ መብራት ከስልኩ አጠገብ ይበራል። ዓይኔ እሱ ላይ ተተከለ። ስም ዝርዝሩ ታየኝ፣ የቤት ዕዳዬ ታየኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ወንበር ታየኝ...

"ልጄ?"

"ጉም ነው እማማ" አልኩ። "ቶሎ ይገፈፋል።"

ከወዲያ በኩል ጠብ፣ ጠብ የሚል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ያን ቃል እስካሁን አፌ ውስጥ እቀምሰዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። አቴንስ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ሳቂታ ናት።

"ተገፈፈ?"

"ተገፈፈ! አሁኑኑ ልቀቁት!"

"እንዴት ያለ ፈጣን ጉም ነው እናንተ ጋ!"

አውሮፕላኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አረፈ። አርጊሪስ ሻንጣውን እንኳ ሳይጠብቅ በሜዳው ላይ ሲሮጥ ከላይ አየሁት። ሮጦ ታክሲ ውስጥ ገባ።

አልደረሰም።

እማማ ማሪጎ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ነው ያረፉት። ዳቦ ልትገዛ የሄደችው ጎረቤት ናት ያገኘቻቸው። ስልኩ እጃቸው ላይ ነበር። አንሶላው፣ ትራሱ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ሳይቀር ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል አሉ። ቧንቧው የሚያልፈው ግን በጓሮ በኩል ነው።

ቀብር አልሄድኩም። አመመኝ አልኩ። ይሄም ሌላ ውሸት።

በዘጠነኛው ቀን፣ እንደዚያው በቀትር፣ አርጊሪስ የማማውን ደረጃ ወጥቶ መጣ። ያን ቀን ፋኒስም ነበር። አርጊሪስ ሳህን ይዟል፤ በስኳርና በሮማን ፍሬ የተለወሰ የእናቱ የሙታን ንፍሮ ነው።

"ስትራቶስ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልልህ ነው የመጣሁት" አለኝ።

"ለምኑ?"

"ስልኩ ላይ አየሁት። ሦስት ጊዜ ደውላልሃለች፣ ሦስቱንም አንስተህላታል። የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻዋን አላሳለፈችም። እኔ ማድረግ ያለብኝን አንተ ነው ያደረግህልኝ።"

እጄን ስሞ አለቀሰ። እጄን!

ፋኒስ ወለሉን ያያል። እኔ የማይበትም ጠፋኝ። በሕይወቴ ተሰድቤያለሁ፣ አንድ ቀንም በጥፊ ተመትቻለሁ። እንደዚያ ምስጋና ያዋረደኝ ነገር የለም።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "ለምንድነው አቴንስ ላይ የያዙን? አብራሪው ጉም ነው አለን። ስንወርድ ግን ቁራጭ ደመና አላየሁም። ሌሊት ሌሊት እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

በዚያች ሰዓት የሚቀዳ ስልክ የለም። ቀይ መብራት የለም። እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። እውነቱን ብነግረው በቡጢ ይለኝ ይሆናል፣ ይከሰኝ ይሆናል... ግን ይተኛ ነበር። እኔም እተኛ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነው፣ በማርያም ልናገር ነበር።

"ጉም ነበር" አልኩት።

አርጊሪስ ትክ ብሎ አየኝ።

"እንዲያ ከሆነ እሺ" አለ።

ኮሌታውን ወደ ላይ ሰብስቦ "በረደኝ መሰለኝ" አለና ደረጃውን ወረደ። ፂሙ ላይ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ አየሁ።

ወደ መስታወቱ ሄድኩ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ታች የቆመው የአርጊሪስ መኪና ጣሪያ ዓይን ይወጋል። አርጊሪስ ከበሩ ወጥቶ በባዶው ሜዳ ወደ መኪናው ይራመዳል።

ከጉልበቱ በታች እግር የለውም። ነጭ ነው። ሌላው ሜዳ በሙሉ ደረቅ ነው፤ እሱ ያለበት ብቻ ነጭ ነው። እሱ ሲራመድ አብሮት ይራመዳል።

መስኮቱን ከፍቼ "የለም!" ብዬ ብጮህ ይሰማኝ ነበር። ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ፋኒስ ከኋላዬ ጀርባውን ሰጥቶ ንፍሮውን በማንኪያ ይበላል። ፋኒስ እንዳይሰማኝ ብዬ ነው መሰለኝ ዝም ያልኩት። እስከ ዛሬ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

አርጊሪስ የመኪናውን በር ሲከፍት ወገቡ ድረስ ደርሶ ነበር።

ወደ ማማው ቀና ብሎ እጁን አውለበለበልኝ።

እኔም አውለበለብኩለት።