በቤትና በበረት መካከል

ሐዲስ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አናቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ጭኑ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ተከፍቷል፤ እግሩ ሥር ደግሞ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ይኖር የነበረው የገና ዱላ ደም ነክቶት ወድቋል። ዕለቱ የገና ዋዜማ ነበር። ሟቹ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሲሆን ናዝሬትን ያስመረራት በአንዲት ጥያቄ ነበር። ሰው ስለ ጌታ ልደት አፉን በከፈተ ቁጥር «መጽሐፉ ላይ አለ?» ይላል። እረኞቹ የምሥራቹን ሰምተው ገና ተጫወቱ ያለው ሰው ካለማ፣ ያንኑ ዱላ ከግድግዳው አውርዶ ይሞግተዋል።

መርማሪው መቶ አለቃ ጆቴ ገርባ አስከሬኑን ዞሮ አየ። ጎንበስ ብሎም የተከፈተውን ገጽ አነበበ። ኦሪት ዘኍልቍ ነው፤ የእስራኤል ነገዶች ቆጠራ። ለገና ዋዜማ የሚነበብ ነገር አይደለም። ለማንም ምንም ሳይል መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቀለለው።

«መቶ አለቃ፣ አይድከሙ፤ ገዳዩ ተይዟል» አለው በሩ ላይ የቆመው አስፋው።

አስፋው ባለ ሁለት ሹመት ሰው ነው። በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ በበዓለ ወልድ ጽዋ ማኅበር ደግሞ ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ። ለአብዮቱም ለጽዋውም ደረቱን እኩል ይነፋል። ጆቴ ሞኝ አይጠላም፤ አውቃለሁ ባይ ሞኝን ግን አንጀቱ አይችለውም። ከተማዋ ናዝሬት ስለተባለች ብቻ የጌታ አብሮ አደግ የሆነ የሚመስለው ሰው መብዛቱ ሁልጊዜ ያንገሸግሸዋል።

ተያዘ የተባለው የሟቹ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ደሊል ነበር። ከበዓሉ በኋላ ወደ በላይ አካል ሊልኩት ተዘጋጅተዋል። በዚያ ዘመን ወደ ላይ ለተላከ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ይሄዳል እንጂ ሰውየውን ይዞ አይመለስም።

«ሟቹን መጨረሻ ያየው ማን ነው?» አለ ጆቴ።

«እኔ ነኝ፤ ትናንት ከሰዓት። ለማኅበሩ በዓል የማቴዎስን ወንጌል ሲያነብልኝ ነበር። ሦስቱ ነገሥታት ወደ በረቱ ሲገቡ፣ ላምና አህያ ሕፃኑን በትንፋሻቸው ሲያሞቁት… እንባው እየወረደ ነው ያነበበው። መጽሐፉን ጭኑ ላይ እንደዘረጋ ትቼው ወጣሁ። ለካ ደሊል አድፍጦ ኖሯል!»

«እንባው እየወረደ» አለ ጆቴ።

ቀጥሎ ማዶ ወዳለው ወደ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ተሻገረ። የማኅበሩ ተረኛ ደጋሽ እሷ ናት። ግድግዳዋ ላይ ካቻምና ፊደል ቆጥራ ያገኘችው የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል።

«ደሊል አጥር ዘሎ ሲወጣ ታይቷል» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«በዓይንዎ አዩት?»

«ታየ እኮ ነው የምልዎ!»

«ማን አየው?»

«አገር ያወቀው ነው፣ የኔ ጌታ። በአጥሩ ነገር መጣላታቸውንስ ማን ያጣዋል?»

«አገር ዓይን የለውም፣ እትዬ። ማን ነገረዎት?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «አስፋው ነው። እሱ ደግሞ ቅጥፈት አያውቅም።»

ጆቴ ሳቁ መጣበት፤ ዋጠው። ሰው ሊያስገድል የደረሰ ወሬ በነጠላ ተከናንቦ ሲቀርብለት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

የማኅበሩ ቄስ አባ አብተው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኛቸው።

«ማን ነው ሐዲስን የሚጠላው?»

«የማይጠላው ማን ነው ቢሉኝ ይቀላል። ዘንድሮ በበዓሉ ተረቱን ከመጽሐፉ እለያለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ማኅበርተኛው ላምና አህያችንን ሊነጥቀን ነው ብሎ ተቆጣ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ… ሕዝብ የወደደውን ለምን ልንካበት?» አሉ ቄሱ። ጆቴ መስቀል ሳይሳለም ሄደ።

ደሊል እስር ቤቱ ጥግ ተኮራምቶ ነበር። ሚስቱ ከሪማ ያመጣችለትን ምግብ አልነካውም።

«በአጥሩ ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ግን ጋዜጣ ስጨርስ ለሱ ነበር የምሰጠው። እሱም እዳር እዳሩ ላይ ስህተቱን አርሞ ይመልስልኛል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነዝናዛ ሰው የት አገኛለሁ?»

በማግስቱ፣ በልደት ቀን፣ ከቀብር መልስ ማኅበርተኛው ጥሩነሽ ቤት ተሰበሰበ። ጆቴ ደሊልን በሁለት ፖሊስ አስከትሎ ገባ። ጉርምርምታ ተነሣ። እሱ ግን የሟቹን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ለአስፋው አቀበለው።

«የማቴዎስን ምዕራፍ ሁለት አውጥቼልዎታለሁ። ለነፍሱ ያንብቡለት፣ ሙሴ።»

አስፋው ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ገጹ ላይ ተክሎ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየነዳ፣ በሚያምር ድምፅ ጀመረ። ሦስቱ ነገሥታት በኮከብ እየተመሩ መጡ፤ ወደ በረቱም ገቡ፤ ላምና አህያም በትንፋሻቸው ያሞቁት ነበር… ሴቶቹ እልል አሉ።

«ይበቃል። እትዬ ጥሩነሽ፣ ከዚያው ከጣታቸው ሥር ይቀጥሉልን።»

ጥሩነሽ መጽሐፉን ወደ ብርሃን አስጠጋች። «የ… ሮ… ቤል… ልጆች…» ቀና አለች። «ሮቤል? ልደት ላይ ሮቤል ምን አገባው?»

«ዘኍልቍ ነዋ የሰጠኋቸው። ሟቹ ጭን ላይ ያገኘሁትን ገጽ።»



«ሐዲስ ማቴዎስን እያነበበ መጽሐፉን እንደዘረጋ ቀረ ያሉት ጓድ አስፋው ናቸው» አለ ጆቴ። «የተዘረጋው ግን ዘኍልቍ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ጭኑ ላይ የከፈተው ገዳዩ ነው፤ ሰውየው በሰላም ሲያነብ ተትቷል ለማሰኘት። ያም ሰው ዘኍልቍን ከማቴዎስ አይለይም። አባ አብተው ይለያሉ። እትዬ ጥሩነሽም ይኸው ለዩ። ደሊል ጋዜጣ አንባቢ ነው።»

«ስሜት ይዞኝ ነው!» አለ አስፋው። «በቃሌ ስለማውቀው—»

«ምኑን? ማቴዎስ ሰብአ ሰገል መጡ ይላል እንጂ ሦስት አይልም፤ ነገሥታትም አይላቸውም። ላምም አህያም የለም። ወደ ቤት ገቡ ይላል። ሐዲስ ለዚያች ለ‹ቤት› ከከተማው ሁሉ ተጣልቶ የኖረ ሰው፣ እንባውን እያፈሰሰ ‹በረት› ብሎ አነበበልዎ? በቤትና በበረት መካከል ያለችውን አንዲት ‹ረ› እርስዎ ነዎት የጨመሩት። ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም በዚሁ በዓል ሲያነቡ የጨመሩት ይህንኑ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሰማውን ነው የሚደግመው።»

«አባ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለች ጥሩነሽ።

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። «ስብከት እያከለበት መስሎኝ…»

«ሐዲስ አወቀ» አለ ጆቴ። «ዘንድሮ ተረቱን ከመጽሐፉ ለመለየት ሌላ ሰው አላስፈለገውም፤ እርስዎን ማስነበብ ይበቃዋል።»

«የምስክር ወረቀቴን የሰጠኸኝ እኮ አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች ጥሩነሽ።

አስፋው ያን ጊዜ ፈነዳ። «በናንተ ፊት ሊያዋርደኝ! የመሠረተ ትምህርት ሊቀ መንበር ፊደል አይለይም ሊያሰኘኝ! ለምኜዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ‹ከተማሪዎችህ ጋር ሀ ሁ በል› አለኝ፤ እኔን ከባሮቹ ጋር!»

«ባሮቹ» አለ ጆቴ፤ ፊቱ በጥላቻ ኮሰተረ። «ሀ ሁ ከሚያስተምርህ ብለህ ሰውየውን ገደልክ። በዚያ ላይ ሌላውን ልታስገድል ነበር።» እርስዎ ማለቱን መተዉን ሁሉም ሰሙ።

አስፋውን ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ጆቴ የደሊልን ካቴና እዚያው ፈታ። በር ላይ ስትጠብቅ የነበረችው ከሪማ ሮጣ ገብታ የባሏን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

ጥሩነሽ እየፈራች ቀረበች። «ይቅር በለኝ፣ ደሊል። አጥር ሲዘል ታየ ያልኩት… አላየሁም።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

«ምንም።»

ደሊል ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቤቱን ሙሉ ሰው ዞሮ ተመለከተ።

«በምንም ነበራ ልታስገድሉኝ የነበረው» አለና ሚስቱን አስከትሎ ወጣ።