ኩርባው ላይ የተሰቀለው ነጭ ጨርቅ

ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ ተዉት፣ አታንብቡት። ሞተረኛው ደሞዝ ራሱ ነው ያጫወተኝ።

ነሐሴ 1963 ዓ.ም.። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ አዲስ የተጠረገው የገደል መንገድ ላይ።

ደሞዝ ፖስታ የሚያመላልስ ሞተረኛ ነው። ያን ጊዜ በአገሩ ያለው ሞተር ሳይክል አንድ ብቻ፣ የእሱ። ከእሱ በፊት የነበረው ሞተረኛ አሥራተ ማርያም አምና ከነሞተሩ እዚያው ገደል ገብቶ ሞቷል።

ክረምት ላይ ጉሙ ከፊት ጎማ አልፎ አያሳይም። መንገዱንም ጎርፍ ይንደዋል። ስለዚህ መንገድ ጠባቂው ዋሴ ጎህ ሲቀድ መንገዱን አይቶ ኩርባው ላይ በተተከለው እንጨት ጨርቅ ይሰቅላል። ነጭ ከሆነ መንገዱ ደህና ነው። ቀይ ከሆነ... ቁም!

ዘንድሮ ቀዩ አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም። ደሞዝ "ዕድለኛ ነኝ" ይል ነበር።

ደግሞስ ዋሴ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ አይደል? አበልጅ ይጠረጠራል እንዴ? ነጩን ካየ መብረር ነው።

የዚያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል። ኩርባው ጋ ሲደርስ ነጩን አየ። "ተመስገን" አለና ነዳጅ ሰጠ።

ካለፈው በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነው...

ጨርቁ ይውለበለብ ነበር።

ከንጋት ጀምሮ ዝናብ የመታው ጨርቅ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል እንጂ ይውለበለባል? አሁን ነው የተሰቀለው ማለት ነው። ለምን?

ይህን ሲያስብ ከፊቱ መብራት መጣ። የሞተር መብራት።

ወይ ጉድ! የማን ሞተር?

ድምፅ የለውም። ነጂው ግንባሩን በቀይ ጨርቅ አስሯል። አንድ እጁን ቀስ ብሎ አነሳና... ቁም አለው።

ደሞዝ ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ተንሸራቶ ወደቀ፣ እሱንም በደረቱ ጎተተው። ቀና ሲል የፊት ጎማው አየር ላይ ይሽከረከራል። መንገዱ ከዚያ ወዲያ የለም፤ ተንዶ ገደል ገብቷል።

ያ መብራትም የለም።

የደሞዝ ሞተር ድምፁ ጠፋ። ከኋላው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሹክሹክታ ሰማ።

"አይዞሽ የኔ እመቤት... ድምፁ ጠፋ። ከእንግዲህ ፖስታውን እንደ ድሮው የምትጭኚው አንቺ ነሽ።"

ዋሴ ነው። በቅሎውን ነው የሚያናግረው። ሞተር ሳይመጣ በፊት ፖስታው የሚሄደው በእሷ ነበር።

ደሞዝ እንባው መጣ። ከሞቱ ይልቅ ክህደቱ አንገበገበው።

"አበልጅ..."

ዋሴ ደርቆ ቀረ።

"አ... አለህ?"

"ልጄን ባነሳህበት እጅ? በዚያው እጅህ ነጩን ሰቀልክልኝ? ቀዩስ የታለ?"

"ቀዩማ የለም..." ድምፁ ሰለለ። "የአሥራተ ሬሳ ከገደሉ ሲወጣ ጭንቅላቱን ያሰርኩበት ነው። አብሮት ተቀብሯል።"

"ለእሱም ነጭ ነበር የሰቀልክለት?"

ዋሴ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ።

በቅሎዋ ድንገት ደነበረች። ሁለቱም ወደ ኩርባው ዞሩ። ጉሙ ገለጥ ብሏል።

ነጩ የለም። እንጨቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፣ የመቃብር አፈሩን እንደያዘ። ዝናቡ ይወርድበታል...

ጨርቁ ግን ይውለበለባል።