በኖራ የተሰመሩት ስድስት ቀለበቶች

ከተማዋ በተከበበች በአራተኛው ወር፣ በጋው ጠንቶ የቅጥሩ ድንጋይ እጅ በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ ጠላት በምሥራቁ ኮረብታ ላይ ትልቁን መድፍ ጠመደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሬሳውን መቅበር ትቶ በየአጥሩ ሥር እየደረደረ ኖራ ይነሰንስበት ጀመር። ዘመኑ ጦርነት በጥቁር ባሩድና በብረት አሎሎ የሚካሄድበት ዘመን ነበር፤ የሰማይ ተመራማሪዎችም ዛሬ ሳተርን ከምንለው ወዲያ ሌላ ፕላኔት መኖሩን ገና አልደረሱበትም። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃው በበኩሉ የውስጥ ጠላት የሚለውን እየለቀመ ያጠፋ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ዳቦ ጋጋሪውንና ወንድሙን፣ ከቅጥር ውጭ ካለ ሰው ጋር ተነጋገራችሁ ብሎ በገዛ ሱቃቸው ደጃፍ ሰቀላቸው፤ ሬሳቸውንም የሚያወርድ ሰው ከጎናቸው ይሰቀላል ሲል አዋጅ አስነገረ።

ለሬሳው የሚነሰነሰውን ኖራ የምታድለው የኖራ አቃጣዩ ሚስት ነበረች። ባሏ ከበባው እንደ ጀመረ ቅጥሩን ሲጠግን ሞቶባት፣ የቀራት ከሥሩ ምድር ቤት ያለው አንድ የኖራ መጋዘን፣ ሰፊ ግቢና እናት አባት የሌላት የልጅ ልጇ ብቻ ናቸው። የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ኖራ» ይሏታል፤ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ስለ ሆነ ስሙ አልበዛባትም። አባቷ የከተማዋን ሰዓት የሚጠግን፣ ሥራ ሲፈታ ሰማይ ላይ የሚያፈጥ ሰው ስለ ነበር፣ ፀሐይ በመካከል እንደ ቆመች፣ መሬትም ከአምስት እኅቶቿ ጋር እንደምትዞራት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ትምህርት ቤቱ የቁስለኛ ማደሪያ ሲሆን የሟች ወታደሮችን ልጆች ሰብስባ ይህንኑ ታስተምራቸው ጀመር። ሊቅ ልታደርጋቸው አስባ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሬሳ ሲያዩ መዋላቸው አንጀቷን ስለ በላው ነው።

በግቢው መካከል የጭነት አህያ የሚታሰርበት ግንድ አለ፤ እሱ ፀሐይ ሆነ። ዙሪያውን፣ እያንዳንዱን ከፊተኛው እያሰፋች፣ ስድስት ቀለበት በኖራ አሰመረችና ለየቀለበቱ አንድ አንድ ልጅ መደበች። ዛሬ ሜርኩሪ የምንለውን ዐጣርድን የያዘው የአንጥረኛው ልጅ ግንዱን ሥር ሥሩን እየሮጠ ይዞራል፤ ከእሱ ቀጥለው ዝሁራ የተባለችው ቬነስ፣ መሬትና መሪኅ የተባለው ማርስ እየሰፉና እየረጉ ይሄዳሉ። ከሁሉ ግዙፍ የሆነው መሽተሪ፣ የዛሬው ጁፒተር፣ «ወፍራሙ» ለሚባለው ልጅ ደረሰ፤ ስሙ ቀረበት እንጂ ውፍረቱንስ ረኀብ ከበላው ሰንብቷል። ዙሐል፣ ማለትም ሳተርን፣ ለልጅ ልጇ ደረሰ። ዙሐል አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ሕፃን ተወልዶ ጎልምሶ ልጅ ይወልዳልና፣ ልጅቷ ተረከዟን ከሌላው እግሯ ጣት እያነካች በዳር በዳሩ እንድትሄድ ታዘዘች። በቸኮለች ቁጥር አያቷ ከመነሻው ታስጀምራታለች። ልጅቷ ስንት ቀን አልቅሳ በመጨረሻ ለመደችው።

አንድ ቀን ወፍራሙ ዙሩን ሳያቋርጥ፣ እዚያ ላይም ጦርነት አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰው ያለ አይመስለኝም አለችው። እንግዲያማ የለም አለና መንገዱን ቀጠለ።

ነገሩን ያመጣው የሻለቃው ዓይን ነው። ከአንድ ቀን በፊት የወደቀ አሎሎ ከመጋዘኑ ጀርባ የተኙ ቁስለኞችን ጨፍልቆ ስለ ነበር፣ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ሊያይ ማማ ላይ ቢወጣ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣ በመካከሉም ግንድ፣ ነጭ ሆኖ ፍጥጥ ብሎ ታየው። ዕድሜውን መድፍ ሲያነጣጥር ለኖረ ሰው ይህ ዒላማ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ወታደሮቹ በሩን ገንጥለው ገቡ፤ ምነው ልጆቼ ብትላቸው አንዱ በጠመንጃ ሰደፍ አፏን ብሎ ጥርሷን አረገፈው። ጎትተው ከግንዱ ጋር አሰሯትና ችሎቱ እዚያው በቀለበቶቹ መካከል ተሰየመ፤ ሻለቃው፣ የከተማዋ አዛውንት ዳኛና የችሎቱ ጸሐፊ ተቀመጡ፣ ወታደሩም ዙሪያቸውን ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ ይህን ምልክት ለማን ነው የሠራሽው?» አለ ሻለቃው።

«ለልጆቹ ነው፣ ጌታዬ። የሰማይ መንገድ ነው» አለች፤ ደሙ ቃሏን እያደናቀፈው።

ወታደሮቹ ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም፤ ልጆቹ ተጠርተው፣ እሷ ሳትናገር ሁሉም የየራሱን ዙር ከፈጸመ እውነቷን ነው፣ ካልሆነ ትሰቀል አሉ። ሻለቃው ተስማማ፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ነገሩ እንደሚከፋባት፣ ፍርዱም ሳያልቅ ልጅ ይሁን አዋቂ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል አስጠነቀቀ።

ልጆቹ መጡ። በየመስመራቸው ቆሙና ማንም ሳያዛቸው መዞር ጀመሩ፤ ዐጣርድ እየሮጠ፣ ወፍራሙ እየተጎማለለ፣ ዙሐልም ተረከዝ ከጣት እያነካች። ሴትዮዋ በታሰረችበት ሆና ስታያቸው፣ ያን ሁሉ ሕመም ረስታ ደስ አላት።

ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ ጢስ ታየ። በነጩ ክብ ውስጥ የተሰበሰበውን ወታደር የጠላት መድፈኞች አይተውታል። የመጀመሪያው አሎሎ በግቢው ላይ አልፎ የጎረቤቱን ጣራ በረቀሰው፤ ከውስጥ የሰው ጩኸት ተሰምቶ ወዲያው ተቋረጠ። ሻለቃው ለመድፍ ጎንበስ ያለ ወታደር ባየ ጊዜ በገዛ እጁ የሚገርፍ ሰው ነበርና፣ ከቦታው የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ልጆቹ ደንግጠው ቆሙ፤ አያቷ ዝም ስትል ጊዜ ዙሐል ቀድማ መራመድ ቀጠለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ሁለተኛው አሎሎ አጥሮ በበሩ ገባና እዚያ የቆመውን ዘበኛ ከወገቡ ቆርጦ ጣለው፤ ደሙ እስከ ውጪኛው ቀለበት ድረስ ተረጨ። ልጅቷ ፊቷ ላይ የነካትን ደም አልጠረገችም፤ እግሯን እያስተካከለች ሄደች። በዚያች ከተማ መድፈኛ አንዱን እንደሚያሳልፍ፣ አንዱን እንደሚያሳጥር፣ ሦስተኛውን ግን እንደማይስት የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ዳኛው ፊታቸው አመድ መስሎ፣ አምስቱ ፈጽመዋልና ይህች አንዷ ዙሯን ትጨርስ፣ ሴትዮዋንም እንፈታታለን አሉ። ከቀለበቱ ግማሽ ያህል ቀርቷል። ሴትዮዋ ወደ ኮረብታው አየች፤ መድፉ እየጎረሰ ነው። ልጅቷን ሩጪ ብትላት ቃል ተነፈስሽ ተብሎ ክርክር ይነሣል፣ ክርክሩ እስኪያልቅም ማንም አይወጣም፤ ዝም ብትል ሕይወቷን ታተርፋለች፣ ግን ያን ሕይወት የምታየው በስድስት ልጆች ሬሳ መካከል ሆና ነው። ሞትን ፈራች።

«ይበቃል» አለች። «ምልክቱን ለጠላት የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ የሚያውቁት ነገር የለም። ወደ ምድር ቤት አስገቧቸውና የእኔን ጨርሱ።»

«ምን ነካሽ? ልትድኚ እኮ ነው» አሉ ዳኛው።

«ተናግሬያለሁ፣ አባቴ። ጸሐፊው ይጻፍልኝ።»

ሻለቃው ከመጀመሪያውም ልቡ የፈረደው ይህንኑ ነበርና ፍርዱ አልቋል አለ፤ ልጆቹንም ጸሐፊው ወስዶ ከኖራው ምድር ቤት እንዲያገባቸው አዘዘ። አምስቱ ሮጡ። ልጅቷ ግን በኖራው መስመር ላይ እንደ ቆመች ቀረች።

«እምዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም፣ የኔ ልጅ። አሁን ፍጠኚ። ዛሬን ፍጠኚልኝ።»

ጸሐፊው ልጅቷን በክንዱ አንጠልጥሎ የምድር ቤቱን በር ከኋላው እንደ ዘጋ ሦስተኛው አሎሎ ግንዱን መታው። ሻለቃውን፣ ዳኛውንና ከበው የቆሙትን ወታደሮች የግንዱ ስንጣሪ እንደ ጦር በሳሳቸው። ከሴትዮዋ የተገኘው ገመዱና ከገመዱ ጋር የቀረው ብቻ ነበር።

ከተማዋ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ጸሐፊው ከእልቂቱ ተርፎ የከበባውን ታሪክ ጻፈ፤ ሻለቃውን በቅጥሩ ላይ እንደ ጀግና የወደቀ አለው፤ የኖራ አቃጣዩን ሚስት ደግሞ በአንደበቷ ያመነች ከዳተኛ ሲል አሰፈራት። ሻለቃው ሐውልት ቆመለት፤ እሷ በሁለት ትውልድ አፍ ስትረገም ኖረች። ወፍራሙ ጎልማሳ ሆኖ አንድ ቀን በመጠጥ ቤት እውነቱን ቢናገር፣ የሰሙት ሰዎች ክንዱን ሰብረው ወደ ጎዳና ጣሉት። የልጅ ልጇም እስክታረጅ ድረስ፣ ፈጠን ብል ኖሮ እምዬ ትተርፍ ነበር እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖረች፤ ይህን ከልቧ ሊያወጣላት የቻለ ሰው አልተገኘም። ስለ እሷስ ጸሐፊውን ውሸታም ማለት አይቻልም፤ በጆሮው የሰማውን፣ እሷም ጻፍልኝ ያለችውን ነው የጻፈው። የዚያን ቀን የሞቱትን በየማዕረጋቸው ዘርዝሯል፤ ስድስቱ ልጆች በሕይወት መውጣታቸውን ግን አልጻፈም።