ስምንት ዓሣ ለለቅሶ ቤት

ዊልበርት ፕሮሰር ሐይቁ በረዶ ላይ በሠራት ጎጆው ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ የተገኘው ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ በብረቱ ምድጃ ጠርዝ ላይ ደምና ሽበት ደርቋል። ያገኘው የሚስቱ ወንድም ባዚል ራድ ነበር፤ በፈረስ በሚጎተተው የበረዶ ጋሪው ምሳ ሊያደርስለት ሄዶ።

በሲምኮ ሐይቅ ዳር ሽማግሌ ተንሸራቶ ቢሞት ማንም አይገረምም። የመንደሩ ፖሊስ ግን ከሬሳው አጠገብ የልጁን የኤመርሰንን ጓንት አነሳ። አባትና ልጅ ማክሰኞ ማታ ክፉኛ መጣላታቸውን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። በዚያ ዘመን ነፍስ ያጠፋ ይሰቀል ነበርና ሄስተር ፕሮሰር ባሏን ሳትቀብር ለልጇ አንገት መጨነቅ ያዘች።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር ታሎክ ከከተማ መጣ። አጭር፣ ወፍራም፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነው። ዓሣ አጥምዶ እንደማያውቅ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። መጀመሪያ ያደረገው ባዚልን ይዞ ወደ ጎጆዋ መሄድ ነበር።

«ትናንት ሲገቡ ምን አዩ?»

«ምን ይታያል ጌታዬ፣ ጨለማ ነው። ወደ ውኃው ቁልቁል ለማየት ብለን ለጎጆዎቹ መስኮት አናበጅም። ዊልበርትን የረገጥኩት ሳላየው ነው።» ባዚል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምድጃውስ?»

«ይሞቅ ነበር። እጄን አሙቄበታለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«አንዴ እንጨት ከበላ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ይቺ ጣሳ የምታህል? ከአንድ ሰዓት አታልፍም። ቶሎ ቶሎ ካልጨመሩላት ትጠፋለች።»

ታሎክ ጎንበስ ብሎ በወለሉ መካከል ያለውን የበረዶ ቀዳዳ አየ። አፉ ላይ ጥቂት የተቀቀለ እህል በበረዶ ተጣብቋል። በጥፍሩ ፍቆ መሐረቡ ውስጥ ቋጠረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ንፍሮ ነዋ። ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወለል እየለቀመ የሚበላ ቀበጥ ፍጥረት ነው። ለሳምንታት ንፍሮ አፍስሰን ቦታውን እናስለምደዋለን። ከዚያ ጨው የበላች ጣት የማታህል ዓሣ መንጠቆ ላይ ሰክተን ወለሉ ላይ እናስተኛለታለን። ይመጣል፣ ያሸታል፣ በከንፈሩ ቀምሶ ይተፋል፤ ይሄዳል። ዘንድሮማ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዊልበርት በቀር አንድ ያወጣ የለም።»

«እሱ ምን ቢያደርግ ነው?»

«ክሩ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት የሐይቁ ወለል ላይ ሁለቴ ያንኳኳና ጭቃውን ያስነሳል። ከዚያ እንደ ሬሳ…» ባዚል አፉን በእጁ ያዘ። «ኦርቫል ኬትልቢ ሠላሳ ዓመት እዚሁ ሐይቅ ላይ እያጠመደ አልቻለበትም። ዊልበርትም ሲስቅበት ኖረ።»

«ትናንት ባልዲው ውስጥ ስንት ዓሣ ነበር?»

«አንድም።»

ታሎክ አነጠሰና ባዶውን ባልዲ ደጋግሞ አየው።

ኤመርሰን ታስሮ የተቀመጠው በእናቱ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው፤ መንደሩ እስር ቤት የለውም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲናገር ዓይኑን ከጫማው አላነሳም።

«ጎጆው ሄደህ ነበር?»

«ይቅርታ ልለው ሄጄ ነበር። ማክሰኞ የተጣላነው እንጨት መሰንጠቂያው ልገባ ነው ስላልኩት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ገና አፌን ስከፍት ‹ዓሦቹ አሁን ሊመጡ ነው፣ ውጣልኝ› አለኝ። ተናድጄ ጓንቴን ትቼ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። መጨረሻ የሰማሁት ቃል ‹ውጣልኝ› ነው፣ ጌታዬ።»

«ሬሳውን ያየው ሐኪም ዊልበርት የወደቀው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ብሏል» አለ ፖሊሱ። «ሦስት ሰዓት እንጨት መሰንጠቂያው መገኘቱ ምኑን ያድነዋል?» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ጓንቱን ከትናንት ጀምሮ ከእጁ አላወረደም።

ከሰዓት በኋላ ኦርቫል ኬትልቢ ለቅሶ ደረሰ። ትከሻ ሰፊ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ለስላሳ። በሽቦ የተሰኩ ስምንት ነጭ ዓሦች ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል፤ በብርዱ እንጨት ሆነዋል።

«ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም ብዬ ነው፣ ሄስተርዬ። ትናንት ነው የወጡልኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ዓሦቹን ተቀብላ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠች።

«ደስ ሲሉ» አለ ታሎክ። «ከየት ያወጧቸው ናቸው?»

«ከራሴ ጎጆ። ከበረዶው ትልቅ ስንጥቅ ማዶ ነው፤ ከዊልበርት ጎጆ የአንድ ሰዓት መንገድ ይሆናል። ከንጋት እስከ ማታ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ለእነሱም ንፍሮ ያፈሳሉ?»

«ስንዴ ነዋ። ሁላችንም ስንዴ ነው። ዊልበርትም ስንዴ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሰልዬዋለሁ።» ለመሳቅ ሞከረ፤ የቤቱን ኀዘን አይቶ ተወው።

ወደ ማታ ዓሦቹ በረዷቸው ሲለቅ ሄስተር ቢላዋ አነሳች። ታሎክ አጠገቧ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። የመጀመሪያውን ሆድ ስትቀድ እጇ ቆመ። ወደ ውስጥ አየች፤ ቀና ብላ እሱን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ታሎክ መሐረቡን ፈቶ ከጎኑ ዘረጋና አንድ ጥያቄ በጆሮዋ ጠየቃት። መለሰችለት።

«የቀሩትን ሰባቱንም ይክፈቷቸው» አላት። «ለማንም አይንገሩ።»

ዓርብ ጠዋት አምስቱም ማዕድ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሄስተር፣ ኤመርሰን፣ ባዚል፣ ኦርቫልና ፖሊሱ። ታሎክ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ዊልበርት ሁለት ሰዓት ላይ ወደቀ። ምድጃው ግን ስድስት ሰዓት ላይ ይሞቅ ነበር። የወደቀ ሰው ተነሥቶ እንጨት አይጨምርም። ኤመርሰን በዚያን ጊዜ ስድስት ሰው እያየው ግንድ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ሌላ ሰው እዚያች ጎጆ ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጧል፤ ሲበርደው እየጨመረ።»

«ሰው ጥሎ ምን ሊሠራ ይቀመጣል?» አለ ፖሊሱ።

«እኔም ያቃተኝ እሱ ነበር፤ ዓሣ አላውቅማ። ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ትናንት የነገሩኝን ይድገሙልኝ።»

«ማክሰኞ ስንዴው አለቀብኝ» አለች ሄስተር። «ገብስ ቀቅዬ ሰጠሁት። ሲነጋ ‹ዓሣ ደግሞ ገብስ ይበላል?› ብሎ ስቆብኝ ወጣ። ከዚያ በፊት ገብስ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

ታሎክ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የተቀቀለ ገብስ ነበር፤ ፍሬው እንኳ ሳይሰበር።

«ይህ ከስምንቱ ዓሦች ሆድ የወጣ ነው። ነጭ ዓሣ ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ የሚፈጭ ጨጓራ አለው ብሎኛል ባዚል። ይሄ ግን አልተፈጨም፤ እንደዋጡት ወዲያው ነው ከውኃው የወጡት።»

የኦርቫል ለስላሳ ድምፅ ሻከረ። «ዓሣ ይዋኛል እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«አንዱ ቢሆን አምንዎት ነበር። ስምንቱም ሆዳቸው እስኪወጠር ገብስ በልተዋል። እርስዎ አፈሰስኩ ካሉት ስንዴ ግን አንዲት ፍሬ አልተገኘባቸውም። በጨለማው ውስጥ ገብስ መሆኑን አላዩም፤ ስንዴ መስሎዎት ነው እዚህ ድረስ ያመጡልን።»

ባዚል ከመቀመጫው ተነሣ። ፖሊሱ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኦርቫል ሳህኑን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ዘዴውን እንዲያሳየኝ ልለምነው ነው የሄድኩት» አለ። «‹ዓይንህ ሠላሳ ዓመት ያላየውን ዛሬ ሊያይ ነው?› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

«መግፋትዎን ንዴት ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር» አለ ታሎክ። «ሐኪሙ ግን እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ነበር ይላል። የባዚል ቤት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለምን አልሄዱም?»

«ልሄድ ነበር፤ በሩንም ከፍቼ ነበር። ያኔ የማጥመጃው ዘንግ ጫፍ ጎንበስ አለ።» እጁን ከፍቶ አየው። «ሦስት ሳምንት እኮ አንድ አልነካልኝም። አንዱን ሳወጣ ሌላው ይመጣል። ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያልኩ…»

ሄስተር የልጇን ክንድ ይዛ ነበር። ኤመርሰን ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ጋሽ ኦርቫል፣ አባቴ የተናገረው ነገር ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ስምህን ጠራ» አለ ኦርቫል። «ዝም በል፣ ዓሦቹን ታስበረግጋቸዋለህ አልኩት።»