ከመድኃኒት ቤቱ በላይ

«ትከሻሽን ልቀቂው፣ የኔ እናት።»

የአሠልጣኟ እጅ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ጭምቷ ልጅ ትንፋሿን ዋጠች። እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች። እጁ ሞቃት ነው፤ ወደ ጆሮዋ የተሰቀለውን ትከሻ ቀስ አድርጎ ወደ ታች መለሰው።

«እንዲህ። አሁን በአፍንጫሽ ሳቢ፤ እስከ አራት ቁጠሪ። ስታስወጪ እስከ ስምንት። አትቸኩዪ፤ ማንም አያባርርሽም።»

አሠልጣኟ ወደሚቀጥለው ምንጣፍ አለፈች። ጭምቷ ግን አራት መድረስ አቃታት፤ ሁለት ላይ ቀረች። «የኔ እናት» ለማንም የሚባል ነገር ነው። ባለሱቁም ይላታል፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯም ትላታለች። ይቺ ሴት ግን የእውነት እናቷ ናት። ይህን የምታውቀው ደግሞ ከሁለቱ አንዷ ብቻ ነች።

ነገሩ የጀመረው ከወር በፊት ነው። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ በስልክ ስታወራ፣ «እሷማ ድናለች አሉ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ዮጋ ታስተምራለች» አለች። ዘወር ስትል ጭምቷ በሩ ላይ ቆማለች። አክስቷ ክው አለች፤ መርፌው ጣቷን ወጋት። ስለ ማን እንደሚወራ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ጭምቷ በማግስቱ ቅዳሜ ሄዳ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። በደረጃው የወረደችው ሴት በአባቷ መሳቢያ ውስጥ ካለው የእናቷ ፎቶግራፍ ጋር አንድ ነበረች፤ ፀጉሯ ብቻ አጥሯል። በሳምንቱ ጭምቷ ራሷ ደረጃውን ወጥታ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠች።

አባቷ ስለ እናቷ በዕድሜዋ ሙሉ የነገራት አንድ ቃል ነው፤ «ሄደች።»

ምስጢሩን የምታውቀው ጓደኛዋ ብቻ ናት። ወሬ አያድርባትምና በትምህርት ቤት «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ይህን ግን አራት ሳምንት አሳደረችው። ቅዳሜ የጭምቷ አባት ሲደውል፣ «ቤተ መጻሕፍት ነን፣ አባባ። ሒሳብ እያጠናን ነው» ብላ ትሸፍናለች።

«ቆይ ግን፣ እስከ መቼ ነው እንደ ሽቦ ተጠማዝዘሽ የምትኖሪው?» አለቻት አንድ ቀን። «በቃ ‹ልጅሽ ነኝ› በያት። ምን ታካብጃለሽ?»

«‹ታዲያ ምን ላድርግሽ?› ብትለኝስ?»

ሬዲዮ ክንዷን ይዛ ወደ ክፍል አስገባቻት።

የጭምቷ ቅዳሜ የሚጀምረው ትምህርቱ ወደ ማለቁ ሲል፣ ዜማው ላይ ነው። ሴቶቹ አፋቸውን ገጥመው መጀመሪያ እንደ ንብ «እምምም» ይላሉ፤ ከዚያ «ኦኦኦም» እያሉ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ያስረዝሙታል። የአሠልጣኟ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከሁሉም ሥር ገብቶ ሁሉንም ይሸከማል። ጭምቷ ቀጭን ድምፅዋን እዚያ ላይ ታሳርፋለች። ሕፃን ሳለሁ በዚህ ድምፅ እሹሩሩ ተብዬ ይሆን? እያለች ለማስታወስ ትታገላለች። ምንም የለም። አንድም ነገር። ሰው የማያስታውሰው ነገር እንዴት እንዲህ ይናፍቀዋል?

አሠልጣኟ ትከሻዋን በነካችበት ቀን ዜማው አልቆ ሁሉም በጀርባቸው ሲጋደሙ፣ ወፍራሟ ጨርቅ ነጋዴ እንደ ልማዷ አንኮራፋች። ሴቶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«አልተኛሁም!» አለች ነጋዴዋ ብድግ ብላ። «በጥልቀት እየተነፈስኩ ነው!» ከዚያ ሐፍረቷን ለመሸፈን ወደ አሠልጣኟ ዞረች። «ደግሞስ አንቺ ምን አለብሽ፤ ሰውነትሽ እንደ ሸምበቆ። አራት ልጅ ወልደሽ ቢሆን እናይሽ ነበር።»

«ወልጃለሁ፣ እትዬ» አለች አሠልጣኟ። «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው።»

ጭምቷ እንደተጋደመች ቀረች። ከሦስት ወር። ወሩን ሳይቀር ትቆጥራለች።

«አብራሽ ናት?»

«አይደለችም። እሷን እንደወለድኩ ታመምኩ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስል ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ስታለቅስ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይቺን ልጅ አንድ ቀን እጥላታለሁ እያልኩ እፈራለሁ። ልታከም ብዬ ወጣሁ። ሲሻለኝ ተመለስኩ፤ በሩ አልተከፈተልኝም። ደግሜ ለማንኳኳት ድፍረት አጣሁ።»

«አሁንስ? አሁን ሄደሽ አታያትም?»

«በምን ዓይኔ፣ እትዬ?» አለችና ምንጣፎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ጭምቷ ጫማዋን ሳታስር ደረጃውን ወረደች።

አባቷ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። እቤት ስትደርስ በረንዳው ላይ አንዱን ማቀዝቀዣ አስተኝቶ ጀርባውን እየፈታ ነበር።

«አባዬ፣ እማዬ ታማ ነበር?»

እጁ ባለበት ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። እኔ መሆኔን ግን አታውቅም። ቤተ መጻሕፍት ነኝ ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ ከጸዳም በኋላ ይጠርግ ነበር።

«ደህና ናት?» አለ በመጨረሻ።

«ደህና ናት። ተመልሳ መጥታ እንደነበር ተናገረች።»

«ሁለት ዓመትሽ ነበር። ከውስጥ ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ። ተናድጄ ነበር፣ ልጄ። ነገ ትመጣለች፣ ያኔ እከፍትላታለሁ አልኩ። በነጋታው አልመጣችም። ሰው ሳይነጋገር ሲከርም ደግሞ ነገር ይደነድናል።»

ጭምቷ ልትጮህበት ፈለገች። አሥራ ሁለት ዓመት! ልትል ፈለገች። ግን አባቷ ያን ያህል ትንሽ ሆኖ ታይቷት አያውቅም፤ ጩኸቱ እንባ ሆኖ ወጣ። በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ እሱም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ላድርግ?» አለችው ቆይታ።

«እኔ በር የዘጋሁ ሰው ነኝ፤ ምክር ከኔ አይገኝም። ግን ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ነኝ ማለት የለብሽም። የት እንደምትሄጂ አውቃለሁ።»

ሳምንቱ አልገፋ አላት። የፊዚክስ ፈተና ላይ ወረቀቱን ገልብጣ እስከ አራት ቆጠረች፤ እስከ ስምንት አስወጣች፤ ከዚያ ስትጽፍ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሬዲዮ ደግሞ ሦስት ዓይነት ንግግር በደብተር ቅጠል ላይ አዘጋጅታ ሰጠቻት። ሦስቱም የሚያለቅስ ሰው ያለባቸው ነበሩ። ጭምቷ ስቃ ኪሷ ከተተቻቸው እንጂ አንዱንም አልሸመደደችም።

ቅዳሜ ትምህርቱ አልቆ ሴቶቹ እየተንጫጩ ወረዱ። ጨርቅ ነጋዴዋ የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ ተመልሳ መጣች፤ እሷም ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ቀረ። አሠልጣኟ ምንጣፎቹን እየጠቀለለች ግድግዳው ሥር ትደረድራለች።

«የሚወስድሽ ሰው እየጠበቅሽ ነው?» አለቻት።

«አይ፤ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«መሸት ሳይልብሽ ሂጂ እንግዲህ፣ የኔ እናት።»

ከቀትር በፊት ነበር፤ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተንጣሎ ተኝቷል። አሠልጣኟ የተናገረችውን ራሷ ሰምታ ሳቀች፤ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ብቻ ይሰረጉዳል። ጭምቷም እንደዚያ ነው የምትስቀው፤ በአንድ ጉንጭ። እስከ ዛሬ አላስተዋለችውም ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ጫማዋ ደፉ ላይ ይጠብቃታል። ጭምቷ አየችው፤ ከዚያ የጠቀለለችውን ምንጣፍ መልሳ ዘረጋችና ተቀመጠችበት። በአፍንጫዋ ሳበች። አራት።

«ትንሽ ጊዜ አለሽ?» አለች።

ይቺን ሴት እስከ ዛሬ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብላት አታውቅም። አሠልጣኟ በእጇ ያለውን ምንጣፍ እንደያዘች ቀና አለች፤ የልጅቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ምንጣፉን ለቀቀችና መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።